ማሞቂያ በሌለው ላስቲክ ቤት ውስጥ አትክልትን ከውርጭ እንዴት እናድናለን

ደብረ ብርሃን አካባቢ ላስቲክ ቤት ውስጥ ቲማቲም የተከለ ሰው ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍት ቅጠሉ ሁሉ እንደተቀቀለ ጎመን ጥውልግ ብሎ ሊጠብቀው ይችላል፣ እኔን ገጥሞኛል። ላስቲኩ እያለ እንዴት እንዳትሉ፣ ላስቲክ ነፋስ ነው የሚከለክለው፣ መሬቱ ሌሊት የሚተፋውን ሙቀት ግን ተራው ላስቲክ ያሳልፈዋል፣ እንደውም አንዳንዴ ውስጡ ከውጪ ብሶ ይቀዘቅዛል።

ስለዚህ የቀኑን ፀሐይ አጠራቅመን ለሌሊት ማቆየት አለብን። መጀመሪያ ውሃ ጠዋት አጠጡ፣ ስሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይደለም፣ እርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር የበለጠ ሙቀት ይይዛል። በሩን ቀን ለአየር ክፈቱትና 10 ሰዓት ገደማ ፀሐዩ ሳይበርድ ዝጉት።

ከዛ ጀሪካን። ባለ 20 ሊትሩን ጥቁር ቀለም ቀብታችሁ ውሃ ሙሉና ፀሐይ የሚመታው ቦታ ችግኙ አጠገብ አስቀምጡት። አንዱ ጀሪካን ውሃው በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው ሙቀት 1,000 ዋት ምድጃ 14 ደቂቃ እንደሚሰጠው ነው፣ ያው ብዙ አይደለም፣ ለዚህ ነው በርከት አድርጎ መደርደር የሚያስፈልገው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ሁለተኛ ልብስ ነው። ማታ ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከቡ ቁልጭ ካለና ነፋስ ከሌለ ውርጭ ሊመጣ ነውና ሽቦ ወይ ቀርከሃ እንደ ቅስት አጉብጣችሁ ትከሉና ከላዩ አሮጌ አንሶላ ወይ ጆንያ አልብሱት፣ ጠርዙ መሬት ይንካ፣ ጨርቁ ግን ቅጠል አይንካ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ላስቲክ በቀጥታ ችግኙ ላይ ጣል አድርጌ ነበር፣ የነካው ቅጠል ብቻ ተለይቶ ጠቆረ። ጠዋት ፀሐዩ ሞቅ ሲል ግለጡት፣ ተሸፍኖ ከዋለ ደግሞ ይታፈናል።

ቴርሞሜትር ካላችሁ ከቅጠሉ እኩል ዝቅ አድርጋችሁ ስቀሉት፣ በጣም የሚቀዘቅዘው ንጋት 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ማታ 3 ሰዓት አይታችሁ ደህና ነው ብላችሁ እንዳትተኙ። ከሰል አቀጣጥሎ ማስገባት የሚባለውን ግን ተዉት፣ የታፈነ ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል።

ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ቀላል ውርጭ ብዙም አያስጨንቃቸውም፣ ሽፋኑ ካነሰ ለቲማቲምና ለቃሪያ ስጡት። ከተመታባችሁም ወዲያው አትንቀሉ፣ ግንዱ ከታች አረንጓዴ ከሆነ ሳምንት ሁለት ሳምንት ጠብቁት፣ ከጎኑ ሊያቆጠቁጥ ይችላል።