የሚለጠጥ የኪሮሽ አጀማመር፦ ከዳንቴል ወደ ኮፍያ

ጎጃም ውስጥ ኪሮሽ የሚይዝ ሰው ብዙውን ጊዜ እጁን የሚያፍታታው በዳንቴል ነው፤ የረከቦት ልብስ፣ የትራስ ጠርዝ፣ የጠረጴዛ ዳንቴል። ክሩ ቀጭን ጥጥ፣ ኪሮሹ ቀጭን ብረት፣ መነሻው ሰንሰለትም ጥብቅ ነው። ለዳንቴል ይህ ትክክል ነው፤ ጠረጴዛ ላይ የሚዘረጋ ነገር ቅርጹን መያዝ እንጂ መለጠጥ አይጠበቅበትም። ችግሩ የሚመጣው ያው እጅ ወፍራም ክር ይዞ ኮፍያ ሲጀምር ነው። የኮፍያው አካል እሺ ብሎ ይሳባል፣ አፉ ግን አልሳብ ይላል፤ ግንባር ላይ መስመር ያትማል፣ ወይም ጭራሽ ራስ አያስገባም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በተለመደው አጀማመር መጀመሪያ ረጅም ሰንሰለት ይሠራል፣ ቀጥሎ በሰንሰለቱ ላይ የመጀመሪያው ረድፍ ይጫናል። ሰንሰለቱ ውስጥ ያለው ክር አንዴ ከተቆለፈ የሚሰጠው ትርፍ የለውም፤ ረድፉ ሲጫንበት ደግሞ ይብሱን ይጠባል። እዚህ የምናሳየው አጀማመር ሰንሰለቱንና የመጀመሪያውን ረድፍ አንድ ላይ ይሠራል። እያንዳንዱ ጥልፍ የራሱን መሠረት ራሱ ይዞ ስለሚመጣ የታችኛው ጠርዝ እንደ ላይኛው ይለጠጣል። አንዳንዶች ሰንሰለቱን ብቻ በአንድ ቁጥር በሚበልጥ ኪሮሽ ይሠራሉ፤ ለምሳሌ አካሉ በ5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰንሰለቱን በ6። ይጠቅማል፣ ግን ግማሽ መፍትሔ ነው።

ለልምምድ መካከለኛ ውፍረት ያለው የሹራብ ክርና 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ ይበቃል። ክሩ ፈካ ያለ ቀለም ይሁን፤ በጥቁር ክር መጀመር ዓይንን ከማድከም በቀር ትርፍ የለውም፣ የምትወጉበት ቦታ አይታይም። መርፌ ቁልፍ፣ መቀስና ዓይኑ ሰፊ መርፌም አዘጋጁ። የአዋቂ ኮፍያ ለመጨረስ 100 ግራም ክር አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። ቤት ውስጥ በእንዝርት የተፈተለ ጥጥ ካላችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆይ፤ ማጉ ላላ ብሎ ስለሚፈተል ኪሮሹ ይሰነጥቀዋል፣ ሲሳብም ይበጠሳል። ጥጥ በራሱ ተስቦ የመመለስ ጠባይ የለውም። አክሪሊክና የበግ ጠጉር ግን አላቸው።

ከዚህ በኋላ ኪሮሹ ላይ ያለውን የክር ዙር «ቀለበት»፣ ተሠርቶ የተዘጋውን «ጥልፍ» እንላለን።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። ከክሩ ጫፍ 20 ሳንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ሲስቡት የሚጠብቅ ቋጠሮ አድርጉና ኪሮሹን አስገቡ። ላላ ያሉ ሁለት ሰንሰለቶች ሥሩ፤ አንድ ሰንሰለት ማለት ክሩን ጠልፎ ኪሮሹ ላይ ባለው ቀለበት ማሳለፍ ነው። ኪሮሹ ላይ ያለው ቀለበት አይቆጠርም። ከኪሮሹ ወደ ታች ስትቆጥሩ ሁለተኛው ሰንሰለት፣ ማለትም መጀመሪያ የሠራችሁት፣ የመጀመሪያው ጥልፍ መግቢያ ነው። ከዚያ ሦስት እንቅስቃሴ ይከተላል።

1. ሳቡ፦ ኪሮሹን በመግቢያው አስገብታችሁ ክሩን ጠልፋችሁ አውጡ። ኪሮሹ ላይ ሁለት ቀለበት ይኖራል።
2. መሥርቱ፦ ክሩን ጠልፋችሁ አሁን ባወጣችሁት ቀለበት ብቻ አሳልፉ። አሁንም ሁለት ቀለበት ነው።
3. ዝጉ፦ ክሩን ጠልፋችሁ በሁለቱም ቀለበቶች አሳልፉ። አንድ ቀለበት ይቀራል። አንድ ጥልፍ አለቀ።

ሁለተኛውን ጥልፍ ለመጀመር የት እንደሚወጋ ማወቅ የዚህ ሥራ ዋና ጉዳይ ነው፤ ጀማሪ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። ቦታው ከላይ አይደለም። «መሥርቱ» ስትሉ የተሠራችው ሰንሰለት በጥልፉ ግርጌ፣ በቀኝ እጅ ለሚሠራ በግራ በኩል ትቀመጣለች። እንደ ሽሩባ ጉንጉን ሁለት እግር አላት። ኪሮሹ በሁለቱም እግሮች ሥር ማለፍ አለበት። ካልታየቻችሁ አንድ ዘዴ አለ፦ ሁለተኛውን እንቅስቃሴ ጨርሳችሁ ከመዝጋታችሁ በፊት መርፌ ቁልፉን በሁለቱ እግሮች ውስጥ አሳልፉት። ዝጉ፤ ከዚያ ቁልፉ ባለበት ውጉና ቁልፉን አውጡ። አሥር ያህል ጥልፍ እንዲህ ከሠራችሁ በኋላ አውራ ጣታችሁ ቦታዋን ይለምዳል፤ ግርጌዋን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ቆንጥጦ መያዝ ብቻ ይበቃል። በግራ እጅ የሚሠራ ሁሉንም በተቃራኒው ያስብ።

ከዚያ ያው ነው፦ ሳቡ፣ መሥርቱ፣ ዝጉ። ሥራው እንደ ሰንሰለት ሳይሆን ከመጀመሪያው ወርድ ያለው ጥብጣብ ሆኖ ያድጋል። ጥብጣቡን አጋድማችሁ ስታዩት ላይና ታች ጠርዙ ሁለቱም የሽሩባ መስመር ካላቸው ትክክል ናችሁ።

የመጀመሪያው ጥልፍ ብቻውን ሲታይ ጠማማ ነው። እሱን ደጋግማችሁ አትፍቱት፤ የቀረው የክር ጫፍ በኋላ ያስተካክለዋል። አምስት ስድስት ጥልፍ ሠርታችሁ ግን ጥብጣቡን ጠረጴዛ ላይ አጋድሙና እዩት።

እንደ ማጭድ ወደ ግርጌው ከታጠፈ መሠረቱ ጠብቋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያርመው የተሳሳተውን እንቅስቃሴ ነው፤ «መሥርቱ» የሚለውን ያላላል። መሠረት የምትሆነው ሰንሰለት ግን በመጀመሪያው እንቅስቃሴ የወጣችው ቀለበት ናት። በሁለተኛው የምትሠሩት እሷን መቆለፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ማላላት ያለባችሁ «ሳቡ» ላይ ነው፦ ቀለበቷ በኪሮሹ ቀጭን አንገት ላይ ሳይሆን ወፍራሙ ዘንግ ላይ እስክትቀመጥ አውጧት። የዳንቴል እጅ አንገቱ ላይ ማጥበቅ ስለለመደ ይህን ሆን ብሎ መማር አለበት። በተቃራኒው የታችኛው ጠርዝ ከሞገደና ከተዝረከረከ ከዘንጉ በላይ እየጎተታችሁ ነው።

ጥብጣቡ መርዘም ትቶ እንደ ማራገቢያ ከተዘረጋ «መሥርቱ»ን ዘላችኋል። መሠረት የሌለው ጥልፍ ለሚቀጥለው መግቢያ ስለማይሰጥ ሁለት ጥልፎች አንድ ቦታ ይወጋሉ። እስከዚያ ድረስ ፍቱት፤ በኋላ አይስተካከልም። በግርጌው ረጃጅም ቀዳዳዎች ከታዩ ደግሞ በአንድ እግር ሥር ብቻ እየወጋችሁ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት ኪሮሹ ላይ ሦስት ቀለበት ካያችሁ ወይ ክሩን ሁለቴ ጠልፋችኋል፣ ወይ ኪሮሹ ክሩን ሰንጥቆታል።

ለልምምድ 20 ጥልፍ ሥሩና ሁለቱን ጫፎች ይዛችሁ ሳቡ። ከላይም ከታችም እኩል ከተለጠጠና ሲለቁት ከተመለሰ ወደ ኮፍያ መሄድ ይቻላል። ታች ቀድሞ ከቆመ ሌላ 20 ሥሩ፤ ይህን ደረጃ መዝለል በኋላ ሙሉ ኮፍያ ያስፈታል።

በጮቄ ዙሪያ ያለው ደጋ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚወጣው ተራራና ሥሩ ያሉት መንደሮች፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን ያህል እንደሚበርድ ለጎጃም ሰው አይነገርም። ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ ግጥም ማለት አለበት፣ ግን መጨነቅ የለበትም። የራሱን ዙሪያ ከቅንድብ በላይ ለኩና 5 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ። ዙሪያው 56 ከሆነ ጥብጣቡ 51 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቀደም ሲል ባነሳነው ክርና ኪሮሽ በ10 ሳንቲ ሜትር ወደ 14 ጥልፍ ይገባል፤ ስለዚህ 72 ገደማ ነው። የእናንተ እጅ 13 ወይም 16 ሊያወጣ ስለሚችል በልምምዱ ጥብጣብ ላይ ቆጥራችሁ አስሉ። ስትቆጥሩ የላይኛውን ጠርዝ ዓይኖች፣ ማለትም በየጥልፉ አናት ያሉትን የሽሩባ ጉንጉኖች፣ ቁጠሩ፤ መነሻዎቹ ሁለት ሰንሰለቶች አይቆጠሩም።

የዚህ አጀማመር ሌላው ደግነት ይህ ነው፦ ሰንሰለት ቆጥሮ ከረድፉ በኋላ «አነሰ» ማለት የለም። ጥብጣቡን በባለቤቱ ራስ ዙሪያ አድርጋችሁ ካነሰ ጨምሩ፣ ከበዛ ፍቱ። መፍታት የሚቻለው ግን ኪሮሹ ካለበት ጫፍ ብቻ ነው።

ዙሩን ከመግጠማችሁ በፊት ጥብጣቡን ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ የላይኛው ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ተጠማዞ ከገጠመ ሳይፈታ አይቃናም። ከዚያ ኪሮሹን በመጀመሪያው ጥልፍ የላይ ዓይን አስገብታችሁ ክሩን ጠልፋችሁ በዓይኑም በቀለበቱም በአንድ ጊዜ አሳልፉ። ከታች የአንድ ጥልፍ ቁመት ያህል ክፍት ይቀራል፤ ያስቀራችሁትን 20 ሳንቲ ሜትር ክር በመርፌ ሰክታችሁ ስፉት። ጥብጣቡ አንደኛው ረድፍ ስለሆነ የሚቀጥለው ሁለተኛው ነው። በተለመደው አጭር ጥልፍ፣ ማለትም ወግቶ ስቦ በሁለቱ በመዝጋት፣ እየዞራችሁ ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር እስኪደርስ ሥሩ። ከዚያ አንድ ዙር ሁለት ሁለቱን ጥልፍ አንድ አድርጉ፣ 36 ይቀራል፤ አንድ ዙር ድገሙት፣ 18 ይቀራል። ክሩን ቆርጣችሁ በ18ቱ ዓይኖች አሳልፉና ጎትታችሁ ቋጥሩ።

ዘርዘር ያለ ጨርቅ ለሚፈልግ፣ ለሻርፕ ለምሳሌ፣ ረዘም ያለው ዓይነት አለ። ኪሮሹን ከመውጋታችሁ በፊት ክሩን አንዴ ጠምጥሙበት፤ ስትስቡ ሦስት ቀለበት ይሆናል፣ በፊተኛው አንድ መሥርቱ፣ በሦስቱም ዝጉ። መግቢያው ያው ግርጌው ነው።

ለዘንቢል እጀታና ለነጠላ ጠርዝ ግን ይህን አጀማመር አንመክርም፤ እጀታ ሲለጠጥ ዕቃው ይወርዳል፣ ነጠላው ደግሞ ጠርዙ ይሞግዳል። እዚያ የዳንቴል እጃችሁ ጥብቅ ሰንሰለት ይሻላል።

በአክሪሊክ የተሠራውን ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ አጋድማችሁ አድርቁት። ካውያ አታስነኩት፤ ሙቀት የነካው አክሪሊክ ይለሰልስና ይረግባል፣ የደከማችሁለት ጠርዝም አንዴ ከተሳበ አይመለስም።