ፊልም ላይ የሚታዩ የደቡብ አሜሪካ የድሮ ሰብማሽን ጋኖችን እንዴት መለየት ይቻላል?

የወታደራዊ አገዛዝ ዘመን አርጀንቲናን ወይም ብራዚልን የሚያሳይ ፊልም ላይ በወታደሩ እጅ ያለው ሰብማሽን ጋን (የሽጉጥ ጥይት በተከታታይ የሚተኩስ አጭር መሣሪያ) ወይ የእስራኤሉ ኡዚ ወይ የአሜሪካኑ ኤም 3 ይመስላል። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱንም አይሆንም። አገሮቹ የውጭ ንድፍ ወስደው በራሳቸው ፋብሪካ ስለሠሩት ከሩቅ ያሳስታል። ስለዚህ ከጠቅላላ ቅርጹ አትነሱ። ፊልሙን አቁሙና ሦስት ነገር እዩ፦ ካዝናው (ጥይት መያዣው) የገባበትን ቦታ፣ ማቀባበያው (መሣሪያውን ለመተኮስ ለማዘጋጀት የሚሳበው ጉጥ) የወጣበትን ጎን፣ የተዋናዩ ግራ እጅ ያረፈበትን። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ካዝናው በእጀታው ውስጥ ከገባ ምርጫው በኡዚና በአርጀንቲናው ኤፍኤምኬ 3 መካከል ነው። የኡዚ አካል ከተጣጠፈ ቆርቆሮ የተሠራ አራት ማዕዘን ሳጥን ሲሆን ማቀባበያው አናቱ ላይ ነው። የኤፍኤምኬ 3 አካል ክብ ቱቦ ነው፤ ማቀባበያውም በግራ ጎን ነው። አናቱ ልሙጥ ከሆነ ኡዚን እርሱት።

ካዝናው ከእጀታው ፊት ለፊት ከሆነ ሥራው ይበዛል። ቱቦ አካል፣ ራቁቱን የወጣ ቀጭን አፈሙዝና ከሽቦ የተሠራ ተንሸራታች ሰደፍ ካያችሁ ኤም 3 ከማለታችሁ በፊት ካዝናውን ለኩት። በሮሳሪዮ ከተማ የተሠራው አርጀንቲናዊው ፓም 1 የዚሁ መሣሪያ ቅጂ ነው፤ ግን 9 ሚሊ ሜትር ስለሚተኩስ ካዝናው ከአሜሪካኑ ባለ .45 ኢንች (11 ሚሊ ሜትር ገደማ) ካዝና በግልጽ ይቀጥናል። ፓም 2 ደግሞ ካዝና ማስገቢያው ላይ ተጨማሪ የሴፍቲ ማንሻ አለው። ማንሻውን ካላያችሁ ወደ ፓም 1 አድሉ።

ብራዚላዊው ኢና፣ ከዴንማርኩ ማድሰን በፈቃድ የተወሰደና ለ.45 ጥይት የተስተካከለ ነው። የ9 ሚሊ ሜትሩ ማድሰን ኤም 50 ማቀባበያ አናቱ ላይ ነው፤ የኢና 953 ግን ወደ ቀኝ ጎን ወርዷል። እዚህ ላይ ግራ እጅን በደንብ ተመልከቱ። ከካዝና ማስገቢያው ጀርባ አንዲት ማንሻ አለች፤ ተኳሹ እሷን ካልጨመቃት መሣሪያው አይተኩስም። በአንድ እጁ ይዞ እየሮጠ የሚያርከፈክፍ ተዋናይ ካያችሁ ስህተቱ የተዋናዩ ወይም የዳይሬክተሩ ነው።

የአርጀንቲናው ሃልኮን 1943 አያስቸግርም፦ ጫፉ ወፈር ብሎ የተሸነቆረ፣ ቀለበት ቀለበት የሆነ አፈሙዝና ለየት ያለ የእንጨት ሰደፍ። አንዴ ያየው ሰው አይረሳውም።

ቀጥሎ መተኮሱን መርምሩ። እነዚህ ሁሉ መዝጊያቸው (ጥይቱን ወደ አፈሙዙ የሚገፋው ብረት) ወደ ኋላ ተስቦ የሚጠብቅ ናቸው፤ ቃታው ሲሳብ መዝጊያው ወደ ፊት ይወረወራል። ተዋናዩ «ተዘጋጅቻለሁ» እያለ መዝጊያው ፊት ላይ ከተቀመጠ መሣሪያው አልተቀባበለም ማለት ነው። በኤም 3 ኤ1ም ሆነ በፓም ሌላ ማጣሪያ አለ፦ ቀለህ የሚወጣበት ቀዳዳ ክዳን ራሱ ሴፍቲ ነው፣ ሲዘጋ መዝጊያውን ይቆልፋል። ክዳኑ ተዘግቶ ነበልባል ከታየ እሳቱ የእውነተኛ ተኩስ አይደለም፤ ቀለህም ሲወድቅ አታዩም።

በመጨረሻ ዘመኑንና የተቀረጸበትን አገር አገናዝቡ። በ1997 የወጣው «አራት ቀናት በመስከረም» የሚተርከው በ1969 በሪዮ ስለተጠለፈው የአሜሪካ አምባሳደር ነው። በእንዲህ ያለ ታሪክ ውስጥ ኢና ተገቢ ነው። በ1974 የመጣው ኤፍኤምኬ 3 ግን ቢታይ ዝንፈት ነው። በ1982 የፎክላንድ ጦርነት ፊልሞች ግን ይኸው መሣሪያ በአርጀንቲና ወታደር እጅ ቢታይ ትክክል ነው። የቀረጻ አገርም ይወስናል፤ የጦር መሣሪያ አቅራቢው በአቅራቢያው ያገኘውን ነውና የሚያመጣው። የዳይሬክተር ኮስታ ጋቭራስ ፊልም «የከበባ ሁኔታ» የኡራጓይን ታሪክ ይናገራል፣ የተቀረጸው ግን ቺሊ ውስጥ ነው። ስለዚህ የታሪኩን አገር ብቻ አይታችሁ የመሣሪያውን ስም አትጻፉ።

አንድ ፊልም ላይ አንዱ መሣሪያ በሁለት ዓይነት ነገር ሊወከል ይችላል፦ ለቅርብ ቀረጻ እውነተኛው፣ ለሩጫና ለመውደቅ የጎማ ቅጂው። የጎማው ክዳኑ አይከፈትም፣ ማቀባበያውም ተጣብቆ የቀረ ነው። ፍርዳችሁን የምትሰጡት ጣቶቹ በግልጽ በሚታዩበት ፍሬም ላይ ብቻ ይሁን፤ ከተቻለ የመሣሪያው ሁለቱም ጎኖች የተያዙባቸውን ፍሬሞች አጣምራችሁ።