የእናቶች ሞት ሪቪው ላይ እባካችሁ እነዚህን አትድገሙ

ሪቪው ማለት አንዲት እናት ስትሞት የጤና ተቋሙ ኮሚቴ ለምን እንደሞተች የሚመረምርበት ስብሰባ ነው። በጣም ከሚያናድደኝ ልጀምር። ኮሚቴው ሁለት ሰዓት ሙሉ የሟቿን ቻርት (የሕክምና መዝገብ) ሲያገላብጥ ቆይቶ ቃለ ጉባኤው ላይ «ለባለሙያዎች ስልጠና ይሰጥ» ብሎ ይበተናል። የምን ስልጠና? ማን ነው የሚሰጠው? መቼ? አንዴ ከወሊድ በኋላ በደም መፍሰስ የሞተች እናት ጉዳይ ስናይ አዋላጇ ኦክሲቶሲኑን (ማህፀን እንዲኮማተርና ደሙ እንዲቆም የሚሰጠውን መርፌ) በሰዓቱ ወግታለች፣ ማህፀኑ ግን አልኮማተር ብሏል፣ እኛም እንደለመድነው ስልጠና ብለን ልንፈርም ስንል አንዷ ነርስ «ቆይ፣ መድኃኒቱ የት ነበር የሚቀመጠው?» አለች። ሄደን ስናይ መስኮት ስር፣ ፀሐይ የሚያገኘው ካርቶን ውስጥ! ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ መሆን ያለበት መድኃኒት። ስልጠናው ካርቶኑን ያነሳው ነበር? በቃ፣ ምን እንደሚደረግ፣ ማን እንደሚያደርገው፣ እስከ መቼ፣ ብላችሁ ጻፉ፣ ቀጣዩን ስብሰባ ደግሞ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማንበብ ጀምሩ።

«ማን ነበር ተረኛ?» ብላችሁ አትጀምሩ። እኔ ጀማሪ እያለሁ ብያለሁ። በቀጣዩ ወር የመጣው ቻርት የደም ግፊቱ በየ15 ደቂቃው፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ ባንድ እጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ነው የመጣው። ፈርተው ኋላ ላይ የሞሉት ነው፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

የሞት ምክንያት ላይ «ልብ ቆመ» አይጻፍም። የማን ልብ ነው ሳይቆም የሚሞተው?

የእናቶችን ሞት ማዋለጃ ክፍል ብቻ አትፈልጉ። በእርግዝና ላይ እያለች ወይም እርግዝናው ካበቃ እስከ 42 ቀን ድረስ የሞተች ትቆጠራለች፤ ውርጃም፣ ከማህፀን ውጭ እርግዝናም፣ እርግዝናው ያባባሰው የልብ በሽታም አለበት (የመኪና አደጋ አይገባም)። ስለዚህ የድንገተኛና የውስጥ ደዌ መዝገቦችንም ግለጡ። ሞት ከሌለም ዜሮ ብላችሁ ሪፖርት አድርጉ፣ ዝም ማለትና ዜሮ አንድ አይደሉም።

ቤተሰብ ለማናገር ለቅሶው ሳይበርድ ፎርም ይዛችሁ አትሂዱ።

ሌላው «ዘግይታ መጣች» የምትባለዋ ነገር ናት። መዘግየት ሦስት ነው፦ ቤት ውስጥ እስኪወሰን፣ መንገድ ላይ፣ ከደረሰች በኋላ ደግሞ እኛው ጋ። ኮሚቴ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይወዳል፣ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ባለፈው አንዷን «ዘግይታ መጣች» ብለን ልንዘጋ ስንል ሰዓቶቹን በተራ አስጻፍኳቸው፦ ከቤት እኛ ጋ ለመድረስ 50 ደቂቃ፣ ከደረሰች በኋላ ደም እስኪሰጣት 3 ሰዓት ተኩል።