ልጅ የሰዓት ባትሪ ከዋጠ

እዚህ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ከምንገዛቸው መብራት ያላቸው መጫወቻዎችና ሪሞቶች ብዙዎቹ የሚሠሩት በትንሿ ክብ የሰዓት ባትሪ ስለሆነ፣ ወላጆች ይህን ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ባትሪዋ በልጅ የምግብ ቧንቧ ውስጥ ከተቀረቀረች፣ ኃይሏ ያለቀ ብትመስልም እንኳ፣ በእርጥቡ ሥጋ ላይ የኤሌክትሪክ ፍሰት ፈጥራ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቃጠሎ ልታደርስ ትችላለች። ልጁ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ደረቱን ካመመው ጠርጥሩ፤ ምልክት አለመታየቱ ግን ዋስትና አይደለም። «ሳንቲም ነው፣ ከሰገራ ጋር ይወጣል» ብላችሁ አትጠብቁ፤ በራጅ ላይ የባትሪ ጠርዝ ብዙውን ጊዜ እንደ ድርብ ቀለበት ስለሚታይ ሐኪሙ ከሳንቲም ሊለየው ይችላልና፣ ወደ ድል ጮራ ወይም ራጅ ወዳለው ቅርብ ሆስፒታል ወዲያውኑ ውሰዱት፣ ጥርጣሬያችሁንም በግልጽ ንገሩ። አታስመልሱት፤ ምግብም አትስጡት። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ከሆነ፣ መዋጥ ከቻለና ባትሪውን ከዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈው፣ በመንገድ ላይ በየ10 ደቂቃው 2 የሻይ ማንኪያ ንጹሕ ማር እስከ 6 ጊዜ መስጠት ጉዳቱን ይቀንሳል፤ ማር ፍለጋ ግን አትዘግዩ። ባትሪዋ ከወጣች ሳምንታት በኋላም ቢሆን ልጁ ደም ከተፋ ወይም ሰገራው ከጠቆረ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መመለስ አለበት።