በጡረታ ዕድሜ፣ ከደሴ ሆኖ፣ የአማተር ሬዲዮን መጀመር

በእኔ ዕድሜ ያለ ወሎዬ ለሾርት ዌቭ (ለአጭር ሞገድ ሬዲዮ) እንግዳ አይደለም። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ያሠራጭ የነበረውን ብሥራተ ወንጌልን፣ በ1957 ዓ.ም. የጀመረውን የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል፣ አባቶቻችን ጆሯቸውን ሬዲዮኑ ላይ ደፍተው ሲያዳምጡ አድገናል። ጣቢያ ፍለጋ ቁልፉ ሲዞር በመሀል እንደ ዳክዬ የሚንጫጫ የሰው ድምፅና ፈጣን የ«ዲዳ ዲዳ» ጩኸት ይሰማ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ ከፊሉ ያለ ክፍያ፣ ለፍቅሩ ሲሉ ከአገር አገር በሬዲዮ የሚነጋገሩ የአማተሮች ድምፅ ነበር። እኔ ይህን ያወቅሁት ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው፤ አሁን የማካፍላችሁም ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን ነው።

ከሁሉ በፊት ሕጉ ይቅደም። ማዳመጥና ማሠራጨት ለየብቻ ናቸው። ያለ ፈቃድ ማሠራጨት በሕግ የተከለከለ ሲሆን የአገሪቱን የሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ስለሆነ፣ ማሠራጫ ከውጭ ለማስመጣት ወይም ለመግዛት ከማሰብዎ በፊት ጥያቄዎን ለዚያው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያቅርቡ። የኢትዮጵያ አማተሮች የጥሪ ምልክት፣ ማለትም በአየር ላይ የሚታወቁበት የፊደልና የቁጥር ስም፣ «ኢቲ» ብሎ የሚጀምር ሲሆን፣ በዓለም ዘንድ የሚታወቀው የአዲስ አበባው ክበብ «ኢቲ3ኤኤ» ይባላል። ለአዲስ አበባ ጉዳይ ሲኖርዎ ይህን ክበብ አፈላልጎ መጎብኘት ከብዙ ንባብ ይበልጣል። በተረፈ እኛ ወሎዎች ጦርነት ያለፈበት አገር ነዋሪዎች ነንና፣ ከጣራ እስከ ዛፍ የተዘረጋ የአንቴና ሽቦና ጆሮው ላይ ማዳመጫ የደፋ ሽማግሌ ጥርጣሬ ቢያሳድር አይፈረድም። ሽቦውን ከመስቀልዎ በፊት ለቀበሌው ይንገሩ፤ ጎረቤትንም ቡና ጠርተው ሬዲዮውን ያሳዩ፣ ያሰሙ። እኔ ይህን በማድረጌ ምሰሶ የሚያቆሙልኝ ሦስት ጎረምሶች አገኘሁ።

መቀበያ ሲመርጡ ዋናው ነገር «ኤስኤስቢ» የሚባለውን፣ አማተሮች ንግግር የሚያስተላልፉበትን ዘዴ መቀበል መቻሉ ነው። ያ የልጅነታችን የዳክዬ ድምፅ ወደ ሰው ንግግር የሚለወጠው በዚህ ነውና፣ ይህ የሌለው ሬዲዮ የቱንም ያህል ቢያምር ለዚህ ሥራ አይሆንም። እንደ ቴክሰን ፒኤል 330 ያለ በእጅ የሚያዝ መቀበያ ለጀማሪ ይበቃል። ኤስኤስቢ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከ10 ሜጋኸርዝ (የፍሪኩዌንሲ መለኪያ ነው) በታች ባሉት የአማተር መስመሮች «ኤልኤስቢ»፣ ከዚያ በላይ ደግሞ «ዩኤስቢ» የሚለውን መምረጥ የተለመደ ነው።

አንቴናው ግን ከሬዲዮው ይበልጣል። የቤታችን ጣራ ቆርቆሮ ስለሆነና ቆርቆሮ ሞገድ ስለሚያግድ፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ ከሬዲዮው ጋር በመጣው ዘንግ ብቻ ማዳመጥ ድካም ነው። ቀላሉ አንቴና ከመሀል ለሁለት የተከፈለ የመዳብ ሽቦ ሲሆን፣ ጠቅላላ ርዝመቱን በሜትር ለማግኘት 143ን ሊያዳምጡ በሚፈልጉት ፍሪኩዌንሲ በሜጋኸርዝ ማካፈል ነው፤ ለ14.2 ሜጋኸርዝ 10 ሜትር ገደማ ይመጣልና በግራና በቀኝ አምስት አምስት ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ጫፎቹን በናይለን ገመድ ከሁለት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች ላይ ያስሩ። መሀሉ ላይ ከውኃ ቧንቧ የተቆረጠ ቁራጭ ፕላስቲክ ሁለቱን ሽቦዎች ሳይነካኩ ይይዛል። ከዚያ እስከ ቤት ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ የዲሽ ገመድ ይበቃል። ከመብራት መስመር በብዙ ይራቁ። በክረምት ደመና ጦሳ ተራራ ላይ ሲከማች ደግሞ ነጎድጓዱን ሳይጠብቁ ገመዱን ከሬዲዮው ነቅለው ወደ ውጭ ያውጡ፤ የደሴ መብረቅ ቀልድ አያውቅም።

ተራራው ያግደኝ ይሆን ብለው አይስጉ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላ ሆኖ ሳለ የእጅ መነጋገሪያ ሬዲዮ (ዎኪ ቶኪ) በመሀከሉ ባለው ተራራ ሊቸገር ይችላል፤ የአጭር ሞገድ ግን ከላይ አዮኖስፌር ከሚባለው የከባቢ አየር ክፍል ተንጸባርቆ ስለሚወርድ ተራራውን ዘሎ ይመጣል።

የመጀመሪያው አንቴናዬ ከተሰቀለ በኋላ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰማሁት እንደ ንብ መንጋ የሚያጉረመርም ጩኸት ብቻ ነበር። ሽቦውን ፈታሁ፣ መልሼ አሰርሁ፣ ሬዲዮውንም ረገምሁ። አንድ ማታ ባለቤቴ ስልኳን ልታነሣ ቻርጀሩን ከግድግዳው ስትነቅል ጩኸቱ እንደ ተቆረጠ ገመድ ጸጥ አለ። ርካሽ ቻርጀሮችና አንዳንድ የኤልኢዲ አምፖሎች የማያስፈልግ ሞገድ ይረጫሉ። ስለዚህ አንድ በአንድ እያጠፉ ይፈትሹ፤ ሬዲዮውንም በባትሪ ያሠሩ። መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ ሲያማርር እኔ በደስታ ወደ ሬዲዮዬ የምሮጠው በዚህ ምክንያት ነው።

አማተሮች በዓለም ሁሉ የሚመዘግቡት በግሪንዊች ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር በቀን ላይ ሦስት፣ በማታና በሌሊት ላይ አሥራ አምስት ይጨምሩ፤ ከቀኑ 9 ሰዓት በእነርሱ 12 ሰዓት፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ደግሞ 16 ሰዓት ይሆናል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን የእነርሱ ቀን ይለወጣል። ለእያንዳንዱ ያዳመጡት ጣቢያ ሰዓቱን፣ ፍሪኩዌንሲውንና የጥሪ ምልክቱን በደብተር ይጻፉ። በጥቅሉ በቀን ከ14.000 እስከ 14.350፣ ከፀሐይ ግባት በኋላ ከ7.000 እስከ 7.200 ሜጋኸርዝ ያለውን ያስሱ።

ሞርስን፣ ያን ፊደልን በአጭርና በረጅም ድምፅ (በነጥብና በሰረዝ) የሚያስተላልፈውን የ«ዲዳ ዲዳ» ጩኸት በተመለከተ፣ ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በዓለም አቀፉ ደንብ ለፈቃድ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል፤ እኔ ግን ተማሩት እላለሁ፤ የደከመ ምልክት ንግግር ሊያልፍበት በማይችልበት ቦታ እርሱ ያልፋልና። ነጥብና ሰረዝ በወረቀት ላይ እየቆጠሩ መሸምደድ ግን ትልቅ ስሕተት ነው። ባቲንና አምባሰልን ለይቶ የሚያውቅ ወሎዬ ቅኝቱን የሚለየው ክር ቆጥሮ አይደለም፤ ዜማው ጆሮው ውስጥ ስላለ ነው። ሞርስም እንዲሁ ነው፤ «ሲኪው» የሚለው፣ የሰማኝ ሁሉ ይመልስልኝ ማለት የሆነው የጥሪ ቃል «ዳዲዳዲ፣ ዳዳዲዳ» ተብሎ በጆሮ ይያዛል። ፊደሎቹን ከመጀመሪያው በሙሉ ፍጥነታቸው፣ በደቂቃ 20 ቃላት በሚሆን ልክ ይስሙ፣ በመካከላቸው ያለውን ዝምታ ግን ያስረዝሙ፤ በሁለት ፊደል ይጀምሩና ከአሥር ዘጠኙን ሲለዩ ሦስተኛውን ይጨምሩ። በቀን ሃያ ደቂቃ ለእኛ ዕድሜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ጆሮ ይደክማል።

ጆሮዎን ለመፈተን መቀበያውን 14.100 ሜጋኸርዝ ላይ ያቁሙ። በዚያ ላይ በዓለም ዙሪያ ያሉ 18 ጣቢያዎች ተራ በተራ ለ10 ሴኮንድ ያህል፣ በየሦስት ደቂቃው እየተመላለሱ ያሠራጫሉ። እያንዳንዱ የጥሪ ምልክቱን በሞርስ ካለ በኋላ አራት ረጃጅም ሰረዞች ያሰማል፤ የመጀመሪያው በ100፣ ሁለተኛው በ10፣ ሦስተኛው በ1፣ የመጨረሻው በ0.1 ዋት ነው። ባለፈው መብራት በጠፋበት ከሰዓት በኋላ «4ኤክስ6ቲዩ» የሚባለውን የቴል አቪቭ ጣቢያ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሰማሁት፤ ሁለተኛው ሰረዝ ጥርት ብሎ መጣ፣ ሦስተኛው እንደ ሹክሹክታ አለፈ፣ አራተኛውን ግን እስከ አሁን እየጠበቅሁት ነው።