ፍሬን መታየት ሲፈልግ አሽከርካሪዎች የሚሠሯቸው ስህተቶች

ቀዩ የፍሬን መብራት ይበራል። የእጅ ፍሬኑ ወርዷል። ኮፈን ይከፈታል፣ የፍሬን ዘይቱ ቀንሶ ይገኛል፣ ይሞላል፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ጉዞው ይቀጥላል። ከሁሉም ስህተት የሚያናድደው ይሄ ነው።

የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አያልቅም፤ ዝግ መስመር ውስጥ ነው ያለው። ከቀነሰ ወይ ሸራው (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚይዘው ንጣፍ) አልቋል፣ ወይ የሆነ ቦታ ይፈሳል። ሸራው በሳሳ ቁጥር የካሊፐሩ (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ፒስተን ወደ ውጭ ስለሚወጣ፣ ከኋላው የሚከፈተውን ቦታ ለመሙላት ዘይቱ ከማጠራቀሚያው ይወርዳል። መብራቱ ይህን ሊነግራችሁ ሲሞክር በላዩ ላይ ዘይት ጨምሮ ዝም ማሰኘት ምን ይባላል? እንዲህ እየተሞላላቸው የከረሙ መኪኖች ጋራዥ ሲገቡ ሸራው ጨርሶ አልቆ የጀርባው ብረት ዲስኩን ሲፍቅ ይገኛል። በዚያ ላይ አዲስ ሸራ ለማስገባት ፒስተኑ ወደ ውስጥ ሲገፋ ትርፉ ዘይት ሞልቶ ይፈሳል፤ የነካውን ቀለም ደግሞ ይልጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሸራው ውፍረት ይታይ። ሸራው ደህና ከሆነ መፍሰስ ነውና የአራቱም ጎማ የውስጥ ጎን፣ የጎማ ቱቦዎቹ፣ የብረት መስመሮቹና የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ዙሪያ ይፈተሽ። የታምቡር ፍሬን (በዲስክ ፈንታ ሸራው ከበሮ ውስጥ የሚይዝበት) ባለበት ጎማ ውስጡ ከረጠበ፣ የዚያው ጎማ ሲሊንደር ጎሚኒ (ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ላስቲክ) ሳይበላሽ አልቀረም። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ታጥቦ አይድንም፣ ይጣላል።

የሞተር ዘይት ወይም የመሪ ዘይት የሚጨምሩም አሉ። ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ከማስተር ሲሊንደሩ እስከ ካሊፐሩ ያለው ጎማ ነክ ዕቃ በሙሉ መቀየሩ አይቀርም።

ሸራን በቸርኬው ቀዳዳ አይቶ «ገና ነው» ማለትም የተለመደ ነው። በዚያ በኩል የሚታየው የውጭኛው ብቻ ነው። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ግራሳቸው ደርቆ ከተያዙ የውስጠኛው ቀድሞ ያልቃል፤ ውጭው 7 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ውስጡ ብረት ሊነካ ይችላል። አዲስ ሸራ በአብዛኛው ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ 3 ሲደርስ ይቀየራል። ሲለካ የጀርባው ብረት አይቆጠርም! ብረቱ ራሱ 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ አብሮ የለካው ሰው ያለቀ ሸራ ይዞ ደህና ነኝ ብሎ ይነዳል።

ሲጢጥ የሚል ድምፅ ሲሰማ ሬዲዮ ከፍ ማድረግ። በብዙ ሸራዎች ላይ ሲያልቁ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ የተሠራች ቀጭን ብረት አለች። ጩኸቱ ወደ መፋቅ ከተለወጠ ሒሳቡ ከሸራ አልፎ ዲስክም ሆኗል። ዝናብ ካደረ በኋላ ጠዋት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ፍሬኖች ሸርሸር ብሎ የሚጠፋው ግን የላይ ዝገት ነው፤ እሱን ተዉት።

ፔዳሉ የተለወጠውን ሁሉ «ፍሬኑ ደከመ» ብሎ መጠቅለልም መካኒኩን ያሳስታል፤ ለይታችሁ ንገሩት። እንደ ስፖንጅ የሚለሰልስና ደጋግመው ሲረግጡት የሚጠነክር ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር አለ። ረግጠው ሲይዙት ቀስ እያለ ወደ ታች የሚሰምጥ ከሆነ ማስተር ሲሊንደሩ በውስጡ ያሳልፋል፣ ወይ ዘይት ይፈሳል፤ ያ መኪና አይነዳም። ድንጋይ ሆኖ እግር የሚያደክም ከሆነ ሰርቮው (የእግርን ግፊት የሚያግዘው ክፍል) ወይም የአየር ቱቦው ይጠረጠራል። ለዚህ ቀላል ፈተና አለ። ሞተር አጥፍታችሁ ፔዳሉ እስኪጠነክር 4 ወይም 5 ጊዜ ርገጡ፣ ሳትለቁ ሞተሩን አስነሱ። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል፤ ካልተነቃነቀ አይሠራም።

መሪ ሲንቀጠቀጥ ሸራ ብቻ መቀየር ዋጋ የለውም። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የዲስኩ ውፍረት እኩል አይደለም ማለት ነው፤ መሪው ላይ ከተሰማ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የፊቱ ነው። ዲስኩን ቶርኖ ማስላግ ይቻላል፣ ግን ጠርዙ ወይም መሃሉ ላይ ከተቀረጸው ዝቅተኛ ውፍረት በታች እንዳይወርድ። የጎማ ብሎን እኩል ሳይጠብቅ ሲቀርም ዲስኩ ይጣመማል፤ በመስቀለኛ ተራ አጥብቁ።

መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲስብ ሁልጊዜ ጎማውን መውቀስ ሌላው ነው። ጥቂት ነድታችሁ ቁሙና እጃችሁን ሳታስነኩ ወደየቸርኬው አስጠጉ፤ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚያቃጥለው ላይ ፍሬኑ አልለቀቀም። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚስብ ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ከሚስብበት ጎን በተቃራኒው፣ በማይዘው ጎማ ላይ ነው።

ሸራ በአንድ ጎማ ብቻ አይቀየርም፤ በአንድ አክስል ግራና ቀኙ አብሮ ነው።

ልኩ ሙሉ ስለሆነ ብቻ ዘይቱን ለዓመታት አለመቀየር ደግሞ ቁልቁለት ላይ ነው የሚታወቀው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ የሚፈላው ቢያንስ በ230 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ውሃ ሲጠጣ መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎቱ ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል። በ2 ዓመት አንዴ ይቀየር። ዓይነቱ በክዳኑ ላይ ተጽፏል፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3ም ከዶት 4ም ጋር አይቀላቀልም፣ ዶት 5.1 ግን የእነሱ ወገን ነው።

ሸራ ተቀይሮ ሲያልቅ፣ መኪናው ከቦታው ሳይነቃነቅ፣ ፔዳሉ እስኪጠነክር ይረገጥ። ፒስተኖቹ ወደ ኋላ ስለተገፉ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ ነው፤ ይህን የረሳ ሰው ከጋራዡ ሲወጣ የሚያገኘው የፊት ለፊቱን ግድግዳ ነው።