«ዘ ስካርሌት ክሎው»ን ሲያዩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጭጋግ የዋጠው መንደር። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል በሌሊት ይደወላል፤ ማቆሚያ የለውም። መጠጥ ቤት የተሰበሰቡት ሰዎች ፊት ለፊት ይተያያሉ እንጂ ማን እንደሚደውለው ወጥቶ ለማየት የሚደፍር የለም። በመጨረሻ ደፍሮ የሄደ ሰው ሲገባ፣ የደወሉን ገመድ የያዘች ሴት ጉሮሮዋ ተቦጫጭቆ ሞታ ያገኛታል።

«ዘ ስካርሌት ክሎው» የሚጀምረው እንዲህ ነው፤ «ቀዩ ጥፍር» እንደ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የወጣ፣ 74 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ስለ ልብ ወለዱ መርማሪ ሼርሎክ ሆልምስ የሚተርክ ፊልም ነው። ባዚል ራትቦን ሆልምስን፣ ናይጅል ብሩስ ደግሞ ጓደኛውንና ረዳቱን ዶክተር ዋትሰንን ሆነው ከ1939 እስከ 1946 ድረስ 14 ፊልሞች ሠርተዋል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ብዙ ወዳጆቼ እንዲያዩት ጋብዣለሁ፤ ገና አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የተዉትም አሉ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ የሚነግሩኝ ከሞላ ጎደል ተመሳሳይ ነው፤ ጥፋቱም ከፊልሙ ሳይሆን ከአያያዙ ነው።

መጀመሪያ ያገኙትን ቅጂ መክፈት

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር። ከ14ቱ ፊልሞች የአራቱ የቅጂ መብት አሜሪካ ውስጥ ሳይታደስ ስለቀረ ማንም እንደፈለገ ያባዛቸዋል። «ዘ ስካርሌት ክሎው» ከአራቱ አንዱ ባይሆንም የእሱም መጥፎ ቅጂ ሞልቷል። ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ሲሆን ጭጋጉ የቆሸሸ ውኃ ይመስላል፣ ጥላው ሁሉ አንድ ጥቁር ግድግዳ ይሆናል፣ ንግግሩም በሹሹታ ይዋጣል። በሎስ አንጀለስ የዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ የፊልምና የቴሌቪዥን ቤተ መዛግብት ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ የሠራቸውን 12 ፊልሞች አድሷቸዋል። የታደሰውን ይፈልጉ፤ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።

ቀለም የተቀባውን ደግሞ ጨርሶ አይንኩት። ከእነዚህ ፊልሞች አንዳንዶቹ በኋላ ዘመን በኮምፒውተር ቀለም ተቀብተዋል። ለምን እንደምከለክልዎ አንድ ትዕይንት ልጥቀስ። ሆልምስ በሌሊት ረግረጉ ውስጥ ብቻውን ነው፤ ዙሪያው ድፍን ጨለማ። ከዛፎቹ መካከል እንደ ፍም የሚያበራ ሰው መሰል ነገር ብቅ ይላል። የካሜራ ባለሙያው ጆርጅ ሮቢንሰን ያ ብርሃን እንዲያስደነግጥ ያደረገው የቀረውን ሁሉ በጥቁር በመሸፈን ነው። ሣሩን አረንጓዴ፣ ካፖርቱን ቡናማ ያደረጉት ቀን ያ የሚያበራ ነገር አንድ ተራ ሰው ሆኖ ያርፈዋል።

በዚያው ላይ መብራትዎን ያጥፉ። በቀትር፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው፣ በስልክ የሚያዩት ከሆነ የፊልሙን ግማሽ አላዩትም።

የተዋንያኑን ዝርዝር ቀድሞ ማየት

ይህን ምክር ማንም አይሰጥዎትም። ብዙዎቻችን ፊልም ከመክፈታችን በፊት ማን እንደሚሠራበት የማየት ልማድ አለን። እዚህ ግን ዝርዝሩ ራሱ ምስጢሩን ያወጣዋል። ለምን እንደሆነ ከነገርኩዎ እኔም አወጣሁት ማለት ነው። ፊልሙን ጨርሰው ከዚያ በኋላ ይመልከቱት፤ ያኔ የአንዱን ተዋናይ ችሎታ ለማየት ተመልሰው ከመጀመሪያው መጀመርዎ አይቀርም።

የንግሥት ቪክቶሪያን ለንደን መጠበቅ

ፈረስ የሚስበው ሠረገላና የጋዝ ፋኖስ ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊልሞች ብቻ ነው፤ ሁለቱንም በ1939 የሠራቸው ትዌንቲየዝ ሴንቸሪ ፎክስ የተባለው ስቱዲዮ ነው። ዩኒቨርሳል ከ1942 ጀምሮ ሲረከብ ሆልምስን ፊልሞቹ ወደተሠሩበት ዘመን፣ ወደ 1940ዎቹ አመጣው። መኪና ይሳፈራል፣ ከናዚ ሰላዮች ጋር ይፋለማል። በዩኒቨርሳል የመጀመሪያ ፊልም ላይ ሆልምስ ከቤት ሲወጣ እጁ ወደዚያች ታዋቂ ባለ ሁለት ጫፍ ቆብ ይሄዳል፤ ዋትሰን ቃል ገብተህልኝ ነበር ብሎ ይገሥጸዋል፤ እሱም ትቷት የዘመኑን ባርኔጣ ያነሣል። በጣም ትንሽ ትዕይንት ናት፣ ግን ለተመልካቹ አዲሱን ስምምነት ትነግረዋለች።

«ዘ ስካርሌት ክሎው» ጭራሽ ለንደንን አያሳይም። ታሪኩ ካናዳ፣ ኩቤክ አጠገብ ባለች «ላ ሞር ሩዥ» በምትባል የፈጠራ መንደር ነው፤ በፈረንሳይኛ «ቀዩ ሞት» ማለት ነው።

ሁሉንም በቅደም ተከተል ለማየት መነሣት

አያስፈልግም፤ እያንዳንዱ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በቅደም ተከተል የሄደ ሰው ግራ ይጋባል እንጂ አይጠቀምም። የሆልምስ ዋና ጠላት ፕሮፌሰር ሞሪያርቲ በሦስት ፊልሞች፣ በሦስት የተለያዩ ተዋንያን ይመጣል፤ ሦስቱንም ጊዜ ከከፍታ ወድቆ ይሞታል። ትናንት ሌላ ሰው ሆኖ ያዩት ተዋናይም ነገ በሌላ ስም ይመለሳል። ሮይ ዊልያም ኒል ከ12ቱ 11ዱን ሲመራ በሚያምናቸው ተዋንያን ደጋግሞ ይሠራ ነበር።

ዋትሰንን በመጽሐፉ መለካት

መጽሐፉን የሚወዱ ሰዎች እዚህ ላይ ይናደዳሉ፤ ንዴታቸው ይገባኛል። የሆልምስን ታሪኮች የጻፈው የኮናን ዶይል ዋትሰን አፍጋኒስታን ዘምቶ የቆሰለ ሐኪም፣ አስተዋይ ተራኪ ነው። የናይጅል ብሩስ ዋትሰን ግን ያጉረመርማል፣ ይዘነጋል፣ ረግረግ ውስጥ ይገባል። መጽሐፉን ሳያነብ ፊልሙን ያየ ሰው ዋትሰን ሞኝ ነው ብሎ ቢደመድም ትልቅ በደል ነው።

ቢሆንም ብሩስን አይናቁት። መጽሐፉ ውስጥ ዋትሰን ይተርክልናል፤ ፊልሙ ግን ተራኪ የለውም። ስለዚህ ሆልምስ የሚያስበውን ጮክ ብሎ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። የደወሉን ገመድ ይዛ ከሞተችው ከሌዲ ፔንሮዝ የተላከ ደብዳቤ የሚደርስበትን ትዕይንት ልብ ይበሉ። ሕይወቴ አደጋ ላይ ነው፣ ይርዱኝ ትላለች፤ ደብዳቤው ሲደርስ ግን እሷ ሞታለች። ሆልምስ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀጠረን ሬሳ ነው ሲል፣ ያ ቃል ክብደት የሚያገኘው ፊት ለፊቱ ዋትሰን ስላለ ነው።

በ«ዘ ፐርል ኦቭ ዴዝ» ነፍሰ ገዳይ ፊት ላይ መሣቅ

ይህን ከወደዱት ቀጥሎ የሚያዩት በዚያው ዓመት የወጣውን «ዘ ፐርል ኦቭ ዴዝ» ይሁን። እዚያ ውስጥ «ክሪፐር» የሚባል ነፍሰ ገዳይ አለ፤ ሮንዶ ሃተን ነው የሚሠራው። ሰዎች ፊቱን አይተው ሜካፑ አስቀያሚ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ሜካፕ አይደለም። ሃተን አክሮሜጋሊ የሚባል፣ የዕድገት ሆርሞን ከመጠን በላይ ሲመነጭ የፊትና የእጅ አጥንት የሚያሳድግ በሽታ ነበረበት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የዘመተ፣ በኋላም ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ነው። ስቱዲዮው በሽታውን እንደ ጭራቅ ሸጠው፤ እሱም በ1946 መጀመሪያ ሞተ። ፊልሙን ይዩት፤ ግን ይህን አውቀው ይዩት።

ገዳዩ ሲታወቅ ማጥፋት

«ዘ ስካርሌት ክሎው» ምስጢሩ ከተፈታ በኋላ አንዲት አጭር ትዕይንት ይቀረዋል፤ ብዙ ሰው ሪሞቱን የሚያነሣው እዚህ ላይ ነው። ሆልምስና ዋትሰን መኪና ውስጥ ናቸው። መንደሩ ከኋላቸው ቀርቷል። ሆልምስ ስለ ካናዳ ያወራል፣ ዊንስተን ቸርችል አገሪቱን የብሪታንያና የአሜሪካ ማያያዣ አድርጎ የተናገረውን ይጠቅሳል። ዓመቱ 1944 ነው። ሲኒማ ቤት ከተቀመጡት ውስጥ ልጃቸው ግንባር ያለ ወላጆች ነበሩ፤ ለአንድ ሰዓት ያህል በልብ ወለድ ሞት ከተሸበሩ በኋላ ያችን ንግግር ሰምተው ወደ ቤታቸው ሄዱ።